እበቱ እስኪያርፍ

ገርጂ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ የደረሰው ሰው በመስኮቱ ሥር ቁራሽ መሬት ያገኛል። አንዱ መኪና ያቆምባታል፣ አንዱ ልብስ ያሰጣባታል፣ ሌላው እግሩ የተሰበረ አልጋ አውጥቶ ዛሬ እሸጠዋለሁ ነገ እሸጠዋለሁ ሲል ዓመታት ያስቀምጥባታል። ዓለሚቱ ግን ጎመን ተከለችባት። ነሐሴ ላይ ነበር፤ የቀረውን ዝናቡ ይሠራልኛል ብላ ችግኙን ሽጉጥ ሽጉጥ አድርጋ ገባች።

ዓለሚቱ ሃምሳን የተጠጋች፣ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ የምትሠራ ሴት ናት። ባሏን ከቀበረች ወዲህ አብረዋት የሚኖሩት አባቷ አቶ ኡርጌሳ ብቻ ናቸው። እሳቸው ከቦሌ ወዲያ ማዶ ሲያርሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ከተማው እየሰፋ መጥቶ ማሳቸው ላይ መንገድና ፎቅ ሲቆም ልጃቸው ጋ ገቡ። ከዚያ ወዲህ "እሺ"፣ "በቃኝ" እና "እግዚአብሔር ይመስገን" ከሚሉት ሌላ ቃል ከአፋቸው የሚወጣበት ቀን ጥቂት ነው። ማለዳ ከጊዮርጊስ የሚመጣውን ቅዳሴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይሰማሉ፤ ከዚያ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ፤ ዓይናቸው ተከፍቶ ሳለ ሌላ አገር ይውላሉ።

ጎመኑ አልፋፋ አለ። ዓለሚቱ ለሐሩን ነገረችው። ሐሩን ከወሎ የመጣ፣ ከሰፈሩ ጀርባ ሦስት ላሞች የሚያልብ፣ ወተት የምትወስድበት ደንበኛዋ ነው። ወሬዋን ሳትጨርስ የዩሪያ ከረጢት ሙሉ እበት ዛቀላት።

"ይኸው እትዬ ዓለሚቱ፣ ማዳበሪያ በማዳበሪያ" አላት።

እሷም እየሳቀች ተሸክማ ሄደች፤ የዚያኑ ዕለት በየችግኙ ሥር እፍኝ እፍኝ ከመረችበት። በሳምንቱ የጎመኑ ቅጠል ጠርዝ ጠርዙ እሳት እንደላሰው ወረቀት ሆነ።

ዓለሚቱ አጎንብሳ የደረቀውን ስትለቅም በትር መሬት ሲነካ ሰማች። አቶ ኡርጌሳ ወጥተው ከኋላዋ ቆመዋል። አፈሩን በበትራቸው ጫር አድርገው አሸተቱ።

"ምን አደረግሽበት?"

"እበት ነዋ፣ አባባ።"

"መቼ የወጣ?"

"የዚያኑ ዕለት።"

"ትኩስ እበት እሳት ነው። ገበሬ ቤት ተወልደሽ ይህን አታውቂም?"

"እኔ የማውቀው ኩበት ነው" አለች ቀና ብላ። "እጄ እስኪሰነጠቅ ስጠፈጥፍ ነው ያሳደጋችሁኝ። ለማሳ የሚሆነውን ወንዶቹ ይዛችሁ ትሄዱ ነበር፤ መቼ አሳያችሁኝ?"

አቶ ኡርጌሳ ሳቁ። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ዓለሚቱ ይህን ሳቅ ከሰማችው ቆይታለች፤ የቃረመችውን ቅጠል እንደያዘች ቆማ አየቻቸው።

"ያ ኢንተላ ኮ" አሉ። ልጄ ማለታቸው ነው፤ ደስ ሲላቸው ወደ ኦሮምኛቸው ይመለሳሉ። "እበት ከላም ሆድ ሲወጣ ደክሞትም ተቆጥቶም ነው። ማረፍ አለበት። ካላረፈ የነካውን ያቃጥላል።"

በመስቀል ማግስት ሥራ ተጀመረ። ሐሩን እበት በጋሪ አመጣ፤ ዓለሚቱ ሾላ ገበያ ዕቃ ከሚራገፍበት ገለባ ለቅማ መጣች። አቶ ኡርጌሳ ወንበራቸው ላይ ሆነው በበትራቸው እያመለከቱ አሠሯት፦ ከታች ጭራሮ፣ ከዚያ ገለባ፣ ከዚያ እበት፣ ትንሽ አመድ፣ ትንሽ አፈር፣ ደግሞ ገለባ። ቁልሉ ወገብ ሲደርስ ከረጢት አለበሱትና መሀሉ ላይ አንድ የባሕር ዛፍ እንጨት ሰኩበት።

ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩት አቶ ኣምደሚካኤል የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢና ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው። በሦስተኛው ቀን ከበረንዳቸው ብቅ አሉ።

"አቶ ኡርጌሳ፣ ሽታው እኔ ጋ ሳይመዘገብ ገብቶ ተቀምጧል።"

"እስኪያርፍ ነው፣ ጋሼ። ይታገሡት።"

"መቼ ነው የሚያርፈው?"

"እሱ ነው የሚያውቀው።"

"የበላይ አካል ውሳኔ ነው በሉኛ" አሉ መምህሩ። ባሕር ዛፍ ቅጠል መስኮታቸው ላይ ሰቅለው ታገሡ።

ከዚያ ወዲያ የአቶ ኡርጌሳ ማለዳ ተለወጠ። ቅዳሴው ሲያበቃ በትራቸውን ይዘው ይወጣሉ። ጥቅምት ነው፤ ብርዱ አጥሩ ላይ ነጭ ሆኖ ያድራል። እንጨቱን ከቁልሉ መሀል ይስቡና በመዳፋቸው ይጨብጡታል። ይሞቃል፤ ከምድጃ እንደወጣ ዳቦ ይሞቃል። ከተሰካበት ቀዳዳ እንፋሎት ቀጥ ብሎ ይወጣል።

"አረፈ?" ትላለች ዓለሚቱ ከመስኮቱ።

"አላረፈም።"

እንጨቱን መልሰው ይሰኩና ወንበራቸው ላይ ይቀመጣሉ። እንፋሎቱ በፊታቸው ያልፋል። ጭጋጉና እንፋሎቱ ሲቀላቀል ብሎኮቹ ከሥራቸው መሟሟት ይጀምራሉ፤ መጀመሪያ ግራውንዱ ይጠፋል፣ ከዚያ አንደኛ ፎቅ፣ ከዚያ የሰዎቹ ልብስ ብቻ ገመድ ላይ ሰማይ ውስጥ ተሰጥቶ ይቀራል። ከሥር የጤፍ ማሳ ይመጣል። ሲነካ የሚተኛ፣ ነፋስ ሲለቀው የሚነሣ፣ ገና አረንጓዴ ጤፍ። አቶ ኡርጌሳ በድንበሩ ላይ ቀስ ብለው ይሄዳሉ። ጉልበታቸውን አያማቸውም። ወንዙ ያለበትን ያውቁታል፤ ድንጋዩ ያለበትን፣ ቀበሮ የገባበትን ጉድጓድ ያውቁታል። ሁልጊዜ ግን ከማሳው ጫፍ ሲደርሱ አንዲት ላም ጀርባዋን ሰጥታቸው ቆማ ያገኛሉ፤ ሊጠሯት አፋቸውን ሲከፍቱ አንድ ሚኒባስ መንገዱ ላይ ጡሩንባ ይነፋል፤ ብሎኮቹም ተመልሰው ይቆማሉ።

ላሟ ቦራ ናት። ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት፣ በእጃቸው ያሳደጓት። መሬቱን ለቀው ወደዚህ ሊገቡ ሳምንታት ሲቀራቸው አቶ ኡርጌሳ የአቦን በዓል ሊያከብሩ ዝቋላ ወጡ። ሲመለሱ በረቱ ባዶ ነበር። ልጃቸው ቢቂላ ቦራን ሸጧታል። ሌላ ቃል ሳይጠይቁ፣ ምስክር ይሁኑ ብለው ሦስት ሽማግሌ አስጠርተው፣ በእነሱ ፊት "እኔ ካልጠራሁህ ደጄን እንዳትረግጥ" አሉት። ቢቂላም "እሺ አባባ" ብሎ ወጣ።

ይኸው አራት ዓመት። ቢቂላ ቃሉን የሚጠብቅ ልጅ ነው፤ አልመጣም። አባትየውም ቃላቸውን የሚጠብቁ ሰው ናቸው፤ አልጠሩም። ንዴቱ ቀድሞ ሄዷል፤ የቀረው ቃሉ ብቻ ነበር፤ እሱም በሽማግሌ ፊት የተነገረ ስለሆነ እንደ ድንጋይ አጥር ደጃቸው ላይ ቆሟል። ዕድሜያቸው ሰባ ስምንት ነው። ሳይጠሩት መሞትን ይፈራሉ። ይህንን ፍርሃት ለማንም አልነገሩም፤ ለእግዚአብሔር ብቻ፣ ወደ ጊዮርጊስ ዞረው፣ ቁልሉ በተሠራበት ዕለት ነግረውታል፦ "ይህ እበት ሲያርፍ እጠራዋለሁ።" ከእግዚአብሔር ጋር በእበት መቀጣጠር ደግ እንዳልሆነ ያውቃሉ። ግን ሌላ ቀን መቁረጫ አልነበራቸውም።

ዓለሚቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ስልኳን ይዛ ደረጃው ሥር ትገባለች። ወንድሟ ጋ ነው የምትደውለው። አባባ አይሰሙም ብላ ነው፤ የደረጃውን ሥር ከጓሮው የሚለየው ግን ባለ ቀዳዳ ብሎኬት ነው፣ ሁሉ ነገር ያልፋል። አቶ ኡርጌሳም ይህን ነግረዋት አያውቁም። ልጃቸው ከአያት መገናኛ ሚኒባስ እንደሚነዳ በዚያ ቀዳዳ ሰሙ። ፀደንያ የምትባል ልጅ እንዳገባ በዚያ ቀዳዳ ሰሙ። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ዓለሚቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ሳል ይዟቸዋል፤ ሌሊት አያስተኛቸውም" ስትል ሰሙ፤ የራሳቸውን ሳል ወሬ እንደ ሌላ ሰው ወሬ አዳመጡት።

ኅዳር ሊያልቅ ሲል፣ ቅዳሜ ማለዳ፣ አቶ ኡርጌሳ እንጨቱን ሳቡና ጨበጡ። አልሞቀም። አፍንጫቸው ጋ አስጠጉት፤ የመጀመሪያ ዝናብ የነካው መሬት ሸተታቸው። ከረጢቱን ገለጥ አድርገው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ሰደዱ። ጥቁር፣ ልል፣ ሲያነሡት በጣት መሀል የሚፈስ። እበት የሚያስመስለው ነገር አልቀረውም።

"አረፈ" አሉ ለራሳቸው።

"ምን አሉ፣ አባባ?"

"አረፈ፣ ያ ኢንተላ ኮ።"

ዓለሚቱ እየሳቀች መስኮቱን ዘጋች። እሳቸው ግን አፈሩን እጃቸው ውስጥ እንደያዙ ወደ ጊዮርጊስ ዞሩ። ቀጠሮው ደርሷል።

ከትናንት ጀምሮ መብራት የለም። ዓለሚቱ ስልኳን ይዛ ደረጃው ሥር ስትገባ ፈጠን ፈጠን ትላለች።

"ቢቂላ፣ እንዴት አደርክ? ወረፋ ላይ ነህ? ቶሎ ልንገርህ፣ ባትሪዬ አልቋል። ዛሬ ጠዋት፣ ምን ልበልህ፣ አባባ አረፈ... አሉና እኔ ደግሞ... ሃሎ? ሃሎ? ኤጭ፣ ባትሪው ዘጋ።"

አቶ ኡርጌሳ ይህንንም ሰሙ። እሷ ወደ ቤት ገባች፤ እሳቸው ወደ ሥራቸው ዞሩ። መደቡን በዶማ ጫር ጫር አድርጋላቸው ነበር፤ ዝቅተኛ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያረፈውን ፍግ በእጃቸው ይበትኑ ጀመር። እየበተኑ ይለማመዳሉ። "ዓለሚቱ፣ ስልክሽን ስጪኝ" ማለት ነው፤ ይኸው ነው። ከዚያስ? "ቢቂላ፣ ና።" ይህ ያጥራል፤ ትእዛዝ ይመስላል። "እንዴት ነህ፣ ልጄ?" ይህ ደግሞ ትናንት የተለያዩ ያስመስላል። መብራት እስኪመጣ እቆያለሁ አሉ። መብራቱ ባይመጣ ብለው የሚመኙ መሆናቸውን ሲያውቁት አፈሩ፤ አማተቡ፤ እንደገና በተኑ።

ፀሐይዋ ጭጋጉን ገፍታ መጣች፤ ጀርባቸውን አሞቀችው። እንዲያ ተቀምጠው ሸለብ አደረጋቸው። ማሳው መጣ። ዛሬ ጤፉ በስሏል። ከድንበሩ ወዲያ፣ ከሩቅ፣ ለቅሶ ይሰማል። ሰው ሞቷል ማለት ነው አሉ በሕልማቸው፤ መሄድ አለብኝ፣ ጎረቤት ነው። በጤፉ መሀል ሲሄዱ ለቅሶው ቀረበ። የወንድ ድምፅ ነው። የሚያውቁት ድምፅ ነው።

"አባቴ... ሳትጠራኝ ሄድክ፣ አባቴ... አንድ ቃል ብትለኝ ምን ነበረ... በሩ ላይ ቆሜ ስጠብቅ አለፍከኝ፣ አባቴ..."

ዓይናቸውን ከፈቱ። ለቅሶው አልቆመም። ከብሎኩ ፊት ለፊት ነው የሚመጣው። ሞቼ ይሆን አሉ አቶ ኡርጌሳ። ምንም አልደነገጡም። ሲሞት እንዲህ ፀሐይ ጀርባ የምታሞቅ ከሆነ ክፉ አይደለም። ከዚያ እጃቸውን አዩት። ጥፍራቸው ውስጥ ፍግ ሞልቷል። የሞተ ሰው እጁን ያጥቡታል እንጂ እንዲህ አይተዉትም ብለው አሰቡ፤ በትራቸውን ይዘው ተነሡ።

በብሎኩ ጥግ ሲዞሩ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ በሩን እንደከፈተ ቆሟል። ሞተሩም አልጠፋም። ደረጃው አጠገብ ዓለሚቱ ወንድሟ ላይ ተጠምጥማ ታለቅሳለች፤ "ማን ነው? ፀደንያ ናት? ንገረኝ፣ ፀደንያ ናት?" ትላለች። ቢቂላ አይሰማትም፤ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ "አባቴ" ይላል። አቶ ኣምደሚካኤል ከበረንዳው ላይ "የእድሩን ቁልፍ፣ የእድሩን ቁልፍ" እያሉ ወደ ውስጥ ይሮጣሉ።

ከሚኒባሱ አጠገብ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ አንዲት እናት ቆመዋል። መገናኛ ሊሄዱ የተሳፈሩ ናቸው፤ ሹፌሩ ስልክ አንሥቶ አባቴን ብሎ ሲጮህ ሌላው ተሳፋሪ ወረደ፣ እሳቸው ግን ሐዘንተኛ ብቻውን አይነዳም ብለው ቀሩ። ዓይናቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ አቶ ኡርጌሳን ሲያዩ ጠጋ አሉ።

"እግዜር ያጥናዎት፣ አባቴ። ሟቹ ምንዎ ናቸው?"

"ማን ነው የሞተው?"

"ኡርጌሳ የሚባሉ ናቸው አሉ። የዚህ የምስኪን ልጅ አባት።"

አቶ ኡርጌሳ ትንሽ አሰቡ። "ኡርጌሳስ እኔ ነኝ፣ እቴ" አሉ ቀስ ብለው።

ሴትየዋ ሦስት ጊዜ አማተቡ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ሚኒባሱ ደረጃ ላይ ተቀመጡ። "እንግዲያው ማንን ነው ያለቀስኩት?" አሉ ለማንም ሳይሆን።

ያን ጊዜ ቢቂላ ቀና አለ። አባቱን አየ፤ በትሩን አየ፤ እስከ ክርኑ ጥቁር የሆነውን እጅ አየ። ለቅሶው አፉ ላይ እንዳለ ቆመ።

"ዓለሚቱ አረፈ አለችኝ" አለ።

"እበቱን ነው" አለች ዓለሚቱ እንባዋን በእጇ ጀርባ እየጠረገች። "አባባ 'አረፈ' አሉ፣ ልልህ እኮ ነው። እበቱ አረፈ። ከመስቀል ጀምሮ ስንጠብቀው።"

አቶ ኣምደሚካኤል ቁልፉን ይዘው ወርደው ነበር። ነገሩን ከግማሹ ሰምተው ጣታቸውን አነሡ። "ወንድሜ፣ እሷ 'አረፈ' ነው ያለችህ። አባትህ ቢሆኑ ኖሮ 'አረፉ' ትል ነበር። አንቱታዋን ጥላ አታውቅም፤ እኔ ምስክር ነኝ።"

"በዚያ ሰዓት ፈና ፉን ማን ይለያል፣ ጋሼ" አለ ቢቂላ። "ሐዘኑ አንቱታዋን ያስጣላት መስሎኝ።"

ማንም አልሳቀም። ሚኒባሱ ላይ የተቀመጡት እናት ብቻ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ "ያስጥላል" አሉ።

ቢቂላ ፊቱን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገ። አሁን የት እንደቆመ ያወቀ ይመስል እግሩን አየ፤ ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ሌላም እርምጃ፣ ከደጁ ሲሚንቶ እስኪወጣ ሄደ።

"ሳይጠሩኝ መጣሁ፣ አባባ። ይቅር ይበሉኝ። ደኅና መሆንዎን አየሁ፤ ይበቃኛል። እሄዳለሁ።"

ወደ መሪው ዞረ። ዓለሚቱ አባቷን አየች። አቶ ኡርጌሳ ጠዋት የተለማመዱትን ፈለጉ፤ አንዱም አልነበረም። በሩ ሊዘጋ ነው።

"ቢቂላ" አሉ። "ቦራን ስትወስዳት ምን አደረገች?"

ቢቂላ በሩን እንደያዘ ቆመ። ሳይዞር ነው የመለሰው።

"አልሄድም አለች። በረቱ በር ላይ ቆማ ወደ ቤቱ ታይ ነበር። እርስዎን ነው የምትፈልገው። ስትሄድ እንዳያይዋት ብዬ ነው ዝቋላ ሳሉ... አይችሉትም ብዬ።"

"ለእርድ ነው?"

"ኧረ ምን ቆርጦኝ። ሰንዳፋ ለሚኖር ገበሬ ነው። ሁለት ጊዜ ሄጄ አይቻታለሁ። ወልዳለች።"

"ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገርከኝም?"

"አልጠየቁኝማ" አለ ቢቂላ፤ አሁን ዞረ።

አቶ ኡርጌሳ ወደ ሰንዳፋ አቅጣጫ ተመለከቱ። ወልዳለች የሚለው ቃል ውስጣቸው ገብቶ ቦታ ሲፈልግ ይሰማቸው ነበር። ከዚያ በትራቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩ፤ ጥቁሩን ቀኝ እጃቸውን አነሡ።

"ጠርቼሃለሁ" አሉ። "ጋሼ ኣምደሚካኤል፣ ይመስክሩልኝ። ጠርቼዋለሁ።"

"መስክሬያለሁ" አሉ መምህሩ፣ የእድሩን ቁልፍ ኪሳቸው እየከተቱ። "ሞተሩን ግን አጥፋው፣ ልጄ፤ ጭሱ ከእበቱ ይብሳል።"

ዓለሚቱ ሴትየዋን እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸው፤ የመጣ እንግዳ ምሳ ሳይቀምስ አይሄድም ብላ ሽሮዋን ጣደች። አባትና ልጅ በጓሮ ቀሩ። ቢቂላ ሸሚዙን ሰብስቦ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ እፍኝ ዘግኖ አባቱ ባቆሙበት ጀመረ። ብዙ በተኑ። ሰማዩ ላይ አንድ አውሮፕላን ወደ ቦሌ ዝቅ እያለ አለፈ፤ ጥላው መደቡን፣ አጥሩን፣ ሁለቱን ነካክቶ ሄደ።

"ስታለቅስ ሰማሁህ" አሉ አቶ ኡርጌሳ።

ቢቂላ እጁን አላቆመም። "ይተዉት፣ አባባ።"

"አንተ አልከኝ።"

"ለቅሶ ነው። አንቱታው አፌ ላይ አልመጣ አለኝ። ይቅር ይበሉኝ።"

"ትንሽ ሆነህ እንደዚያ ነበር የምትለኝ። እናትህ ናት የገሠጸችህ፤ ስድስት ዓመት ሲሞላህ። ከዚያ ወዲህ ከዚህ እስከ ማሳው ጫፍ ድረስ ራቅ ብለህ የምታናግረኝ ይመስለኝ ነበር። ለማን ይነገራል ይህ፤ ሰው ይስቃል።"

ቢቂላ ሌላ እፍኝ ዘገነ። 'አንተ' የሚለውን ቃል ለሕያው አባቱ ማለት ለሞተው ከማለት ይልቅ እንደሚከብድ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። አቶ ኡርጌሳም አዩት፤ አላስጨነቁትም። የበተኑትን ፍግ በመዳፋቸው ደልደል ያደርጋሉ፤ ከሥሩ ያለውን መሬት ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ቀስ እያሉ ይነኩታል።

"ምሳ ደርሷል" አለች ዓለሚቱ ከመስኮቱ።

ቢቂላ ተነሣ። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ለአባቱ ዘረጋ። "ይነ..." ብሎ ጀመረ፤ ዋጠው። ወደ አጥሩ አየ።

"ተነሥ፣ አባባ" አለ፤ ድምፁ እምብዛም አልወጣም።

አቶ ኡርጌሳ በትራቸውን ወንበሩ ላይ ተዉት። የልጃቸውን እጅ ያዙ፤ ክብደታቸውን ሁሉ ሳይሰስቱ ጣሉበትና ተነሡ።